ያንቺ ልጅና የኔ ልጅ

መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ አጠገብ
ጥቅምት 16 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለማላውቅዎት እህቴ ለወይዘሮ ሠርኬ፣
ሆሳዕና፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት

እንደምን ሰነበቱ? ቤትዎ፣ ሰፈርዎ፣ ሥራዎ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከማያውቁት ሰው ደብዳቤ ሲደርስዎ ልብዎ እንደሚደነግጥ ስለማውቅ ዋናውን ላስቀድም፤ ልጅዎ ማሙሸት በሕይወት አለ። ጤነኛ ነው። ይበላል፤ ወላሂ ሲበላ ያየው ሰው ራሱ ይርበዋል።

ስሜ ሀፍሷ ነው። እዚህ መርካቶ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ልጅዎን ያገኘሁት ባለፈው እሁድ በልጆች ጠባይ ማረሚያ ግቢ ውስጥ ነው። ይህን ሲያነቡ ሻይ ቤትዎ ውስጥ እንዳይወድቁብኝ። ማረሚያ ማለት ከርቸሌ ማለት አይደለም፤ እኔም ድሮ አንድ ይመስለኝ ነበር። ትልልቅ እስረኛ የለበትም። ያሉት ልጆች ናቸው፤ ጠዋት ይማራሉ፣ ከሰዓት ኳስ ይጫወታሉ፣ ማታ በየክፍላቸው ይተኛሉ። እሁድና ረቡዕ ቤተሰብ ምግብ ይዞ ይገባል። ሌላው ልጅ ሁሉ እናቱን ከቦ ሲጎርስ የእርስዎ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ጠርቼ አጎረስኩት። «ማን ይመጣልሃል?» ስለው «ማንም አያውቅም» አለኝ። «ማንም አይመጣም» አላለኝም፤ «ማንም አያውቅም» ነው ያለኝ። አንጀቴን በላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ድንች የጫነ መኪና ላይ ተደብቆ መርካቶ ገባ። ዕቃ እያወረደ በረንዳ ያድር ነበር። ከዚያ ከቆመ መኪና ላይ ስፖኪዮ ፈታህ ተብሎ ተያዘ፤ ሾፌሩ ኋላውን የሚያይባት የጎን መስታወት ናት።

አንድ የሚያሰጋኝ ነገር አለ። ልጅዎ ቁመቱ ሸንበቆ ነው። ጣቢያ ላይ አስራ ስድስት ብለው ጽፈውታል፤ እሱ አስራ ሦስት ነኝ ይላል። አስራ አምስት ካለፈ ከልጆቹ ተለይቶ ወደ ትልልቆቹ ሊላክ ይችላል። ስለዚህ ዕድሜውን የሚያሳይ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይላኩልኝ፤ የትምህርት ቤትም ይሁን የክትባት። ይህን ደብዳቤ ያደረሰልዎት ረዲ የሆሳዕና አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ለሱ ይስጡት፣ አይጥልም።

ማን ነሽ ቢሉኝ፣ እሁድ እሁድ እዚያ የምሄድ ሴት ነኝ። ለጊዜው ይኼ ይብቃ።

ሀፍሷ


ሆሳዕና
ጥቅምት 24 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሀፍሷ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልዎት። ረዲ ደብዳቤዎን ሲሰጠኝ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ ደንበኛው እስኪጮህብኝ ድረስ አላወቅኩም።

ልጄን ከነሐሴ ጀምሮ ስፈልገው ነበር። ወንዝ ወስዶት ይሆናል ብዬ ወንዝ ለወንዝ ሄጃለሁ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ትምህርት ወድቆ መጣና ተቆጣሁት፤ በማግስቱ የለም። አሁን በሕይወት አለ ሲሉኝ ሳቄ መጣ፣ ታስሯል ሲሉኝ እንባዬ መጣ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ሲመጡብኝ ሰዉ ያበድኩ መሰለው።

ለሰፈሩ ምን እንዳልኩ ልንገርዎትና ይፍረዱኝ። «ማሙሸት የት ሄደ?» ሲሉኝ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ እየተማረ ነው አልኩ። አሁን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ስንተኛ ወጣ?» ይሉኛል። ሁለተኛ ብያለሁ። አንደኛ ማለት ከበደኝ።

እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። በሰንሰለት ነው የሚያድረው? ይመቱታል? ፍርዱ ስንት ዓመት ነው? እዚህ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ሰው «ዳኞቹን አውቃለሁ፤ ላምሽን ሽጪና ልጅሽን አስወጣልሻለሁ» ይለኛል። ላሟ አንድ ናት። ግን ልጄም አንድ ነው። ነገ ልሽጣት ብዬ አስቤያለሁ፤ መልስዎን ግን ልጠብቅ።

ለማያውቁት ልጅ ይህን ሁሉ ያደረጉ እርስዎ ማን ነዎት? መልአክ ነዎት እንዳልል ቅመም የሚሸጥ መልአክ ሰምቼ አላውቅም።

ሠርኬ


መርካቶ
ኅዳር 3 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሠርኬ፣

ላሟን እንዳይነኩ! ሰላምታውን እንኳ ከዚህ በኋላ ነው የምጽፈው። እንደምን ነዎት? ላሟስ?

ያንን ሰውዬ ከሻይ ቤትዎ ያባርሩት። የልጆች ጉዳይ የሚያልቀው በላም አይደለም። በሰው ነው የሚያልቀው፤ በእናት፣ በአባት፣ በአስተማሪ። ይህን የነገረችኝ ጽጌሬዳ የምትባል የማረሚያው ሶሻል ወርከር ናት። ሥራዋ ልጁ ከየት መጣ፣ ምን ጎደለው፣ ማን አለው የሚለውን አጣርታ ለዳኛ መጻፍ ነው። ቤት ድረስ ትመጣለች። ጎረቤት ትጠይቃለች። መጀመሪያ ፖሊስ መስላኝ ፈርቻት ነበር፤ አሁን ሳላያት የከረምኩ እንደሆነ ትናፍቀኛለች።

ሰንሰለት የለም። ፍርዱን «ስንት ዓመት» ብለው አይጠይቁ፤ እንደ ትልቅ ሰው አይደለም። ዳኛዋ ለእናቱ ልትሰጠው ትችላለች፣ በማረሚያው ቆይቶ ይማር ልትል ትችላለች፣ እየተመላለሰ ይታይ ልትልም ትችላለች። ችሎቱ ዝግ ነው፤ ወሬ የሚለቅም ሰው አይገባም። ግን ልብ ይበሉ፤ የሚረከበው ሰው የሌለው ልጅ ጥፋቱ ትንሽ ቢሆንም ይቆያል፣ ለማን ይሰጡታል? ቀጠሮው ታኅሣሥ 11 ነው። እርስዎ ራስዎ መምጣት አለብዎት።

በረዲ በቃል ለላኩብኝ ጥያቄ፣ አዎ፣ ፀጉሩን ላጭተውታል፤ ሁሉንም ነው የሚላጩት፣ ለቅማል ብለው። ጆሮው ትልቅ መሆኑ ያኔ ታወቀ። በኳስ ግን በረኛ አድርገውታል፤ በዚያ ቁመቱ ማዕዘን ምት ሁሉ የሱ ነው።

ደግሞም ብቻውን አይደለም። ሰሚር የሚባል ጓደኛ አለው፤ አንድ ክፍል ናቸው፣ አንድ ሳህን ይበላሉ።

በሩን የሚጠብቁት ጋሼ ሀብተ ወልድ ይባላሉ። ምግብ ይዘው ሲገቡ «ይቅመሱ» ይላሉ፤ ያመጣው ሰው ራሱ ካልቀመሰ ምግብ አይገባም። ከዚያ እሳቸውም ይቀምሱና አስተያየት ይሰጣሉ። ባለፈው እሁድ «ሀፍሷ፣ ዛሬ ኮረሪማው በዝቷል» አሉኝ። ቅመም ነጋዴዋን!

ማን እንደሆንኩ ደግመው ጠየቁኝ። እዚያ ግቢ የምጠይቀው ሰው አለኝ። የቀረውን ስንገናኝ።

ሀፍሷ


ሆሳዕና
ኅዳር 13 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሀፍሷ፣

ሰላም ይብዛልዎት። ላሟ ደህና ናት። ሰውዬውን እንዳሉኝ አባረርኩት፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ሳይከፍል ሄደ።

የትምህርት ቤቱን ወረቀት በረዲ ልኬያለሁ። ዳይሬክተሩ «ለምን ፈለግሽው?» ሲሉኝ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሊዛወር ነው አልኩ። ውሸቴ እየሰፋ ነው። ልጁ አስራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ የአባቱ ነው።

ሌሊት ሌሊት ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነባለሁ። ጆሮው ትልቅ መሆኑን ያነበብኩ ጊዜ ከሕፃንነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ያ ሰሚር የሚባለው ማነው? ልጄ ከዚህ ሲሄድ ስፖኪዮ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ እኔም ከእርስዎ ደብዳቤ ነው የሰማሁት። የመርካቶ ልጅ ያላሳየው ማን ያሳየዋል? አንድ ሳህን መብላታቸው አላስደሰተኝም። እናቱን ካወቋት እባክዎ ይንገሩልኝ፤ ልጇን ከልጄ ታርቅልኝ።

ሠርኬ


መርካቶ
ኅዳር 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሠርኬ፣

እንደምን ነዎት? ረመዳን ገብቷል፤ በፆም አፍ መዋሸት አይቻልም።

የሰሚርን እናት አውቃታለሁ። በደንብ አውቃታለሁ። ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልዎት እሷ ናት።

ሁሉንም ልንገርዎት፣ ከዚያ የፈለጉትን ይበሉኝ። ባለቤቴ ጁነዲን ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሰሚር አስራ አራት ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ሲመለስ ሱቁን ይጠብቃል። አንድ ደንበኛ ስፖኪዮ ጠየቀው፤ ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ደንበኛ ባዶ እጁን ከሚሄድ ብሎ፣ ደጃፉ ላይ ዕቃ የሚያወርደውን ረጅም ልጅ «አንድ ስፖኪዮ ብታገኝልኝስ?» አለው። ከየት እንደሚገኝ ሁለቱም ያውቃሉ። ማሙሸት አገኘለት። የመጀመሪያው ደንበኛ ሳይመለስ ሌላ ሰው ስፖኪዮ ፍለጋ መጣ፤ ትናንት የተፈታበት ሰው ነው። የራሱን መስታወት ጁነዲን መደርደሪያ ላይ አገኛት።

ፖሊስ በሰው ሁሉ ፊት ሱቁን በረበረው። ጁነዲን የተሰረቀ ዕቃ አይገዛም ተብሎ በተራው የታወቀ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰሚርን ስም በአፉ አልጠራም። ማረሚያውን አንድ ቀን አልረገጠም። እኔ ብቻ ነኝ የምመላለሰው።

የሚብሰው ገና ነው። የጁነዲን ወንድም ሽኩር አንድ ሐሳብ አመጣ። «ሰሚር ምንም አያውቅም እንበል፤ ያ ረጅሙ አምጥቶ ሱቁ ውስጥ ደበቀው። እሱ እንደሆነ ሰው የለውም፣ ማን ይከራከርለታል?» አለ። የዚያን እሁድ ልጅዎን የጠራሁት ሊራራ የፈለገ አንጀት ኖሮኝ አይደለም፤ ምን እንደሚናገር ልሰማ ነበር። እሱ ግን ገና አንድ ጊዜ ጎርሶ «እማማ፣ ሰሚርን እንዳይቆጡት፣ የፈታሁት እኔ ነኝ» አለኝ። ልጄን ሊሸፍንልኝ። በዚያው ሳምንት ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩልዎት።

እውነቱን ያኔውኑ መጻፍ ነበረብኝ፤ ፈራሁ። አሁን ግን ቀጠሮው ደርሷል። እርስዎ ካልመጡ ለልጅዎ የሚናገርለት የለም። ይምጡ።

ሀፍሷ


ሆሳዕና
ኅዳር 26 ቀን 1993 ዓ.ም.

ሀፍሷ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ልጄን ከማን እንደምጠብቀው ሳላውቅ ለአንቺ አደራ ሰጥቼሽ ነበር። በየእሁዱ ያጎረስሽው ልጅ እዚያ የገባው በልጅሽ ቃል ነው። እኔ እዚህ ለጤናሽ ስጸልይ ነበር። ስምሽን ለጸሎት ቡድኑ ሰጥቼአለሁ፤ አሁን «ያቺ ደግ ሴት እንዴት ናት?» ሲሉኝ ምን ልበል?

ጥዋት እንዲህ አስቤ ደብዳቤሽን ምድጃ ውስጥ ልጨምረው ተነሣሁ። ከዚያ ዝም ብትዪ ኖሮ ምንም እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ልጅሽ ይተርፍ ነበር፣ የኔው ይቀር ነበር፣ እኔም እስከ ዛሬ ወንዝ ለወንዝ እዞር ነበር። ይህን ሳስብ ንዴቴ መሃል ላይ ይቋረጥብኛል። እሱም ያናድደኛል።

እመጣለሁ። የምመጣው ለልጄ ነው። መናኸሪያ እንዳትጠብቂኝ።

ሠርኬ


መርካቶ
ታኅሣሥ 2 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለአንቺ ለሠርኬ፣

አንቺ አልሽኝ። በንዴት ነው፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ወደድኩት። የምትቆጣኝ ሴት «እርስዎ» እያለች ብትቆጣኝ ይብስብኝ ነበር። እንግዲህ ከእንግዲህ በመካከላችን እርስዎ የለም።

መናኸሪያ አልጠብቅሽም። በአጋጣሚ ግን ያን ቀን አውቶቡስ ተራ ጉዳይ አለኝ፤ ረዲ የሚገባበትን ሰዓት ነግሮኛል። ሆቴል ብሎ ነገር የለም። ቤቴ ትልቅ ነው፣ እኔን ሳታዪ ማደር ብትፈልጊ እንኳ ይመቻል።

ያለፈውን ልንገርሽ። ለጽጌሬዳ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ «ሰሚር እኮ ነግሮኛል» አለችኝ፤ ለካ እሱ ከእኔ ቀድሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቢሮዋ ሄዶ «ፈልግልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» ብሏታል። የኔ ልጅ! ግቢው ውስጥ ቆሜ እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ሽኩር ይህን ሲሰማ ተቆጥቶ ቤታችን መጥቶ ማፍጠሩን ተወ። ሳምቡሳው ተረፈልን።

ጁነዲን ግን ያው ነው። ጽጌሬዳ ቤት መጥታ «ልጁን ይቀበሉታል?» ብላ ጠየቀችው። ዝም አለ። እሷም ዝም ማለቱን ጻፈችው።

አሁን አንቺ የምትይዢውን። መታወቂያሽን። ለልጁ ሹራብ፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ትምህርት ቤቱ እንደሚመልሰው የሚገልጽ ወረቀት ብታገኚ ይረዳል፤ ዳይሬክተሩን እንዴት እንደምትጠይቂው አንቺው ታውቂያለሽ፣ ውሸት ተክነሻል። ልጅሽን ግን «እንዲህ በል፣ እንዲያ በል» ብለሽ እንዳታስጠኚው። ዳኛዋ እንደ አስተማሪ አጠገባቸው ተቀምጣ ነው የምታነጋግራቸው፤ የተጠና ነገር ወዲያው ይታወቃታል አሉ። አንቺንም ስትጠይቅሽ አታልቅሺ፣ ወይም አልቅሺና መልሺ። የምትፈልገው ልጁ ሲወጣ የት እንደሚያድርና ማን እንደሚጠብቀው ማወቅ ነው።

ባለፈው ረቡዕ በሩ ላይ የሆነውን ሳልነግርሽ አልዘጋም። ሥጋ ወጥ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ሀብተ ወልድ «ቅመሺ» አሉኝ፤ ፆመኛ ነኝ። «እርስዎ ይቅመሱልኝ» አልኳቸው፤ የነቢያት ፆም ይዘዋል። ከኋላዬ ያለችው እናትም ክርስቲያን ናት፤ እሷም ፆም ናት። ሰልፉ ቆመ። ሁላችንም ድስቱን ከበን እናያለን፣ ልጆቹ ከውስጥ ያዩናል፣ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል፣ የሚቀምስ ግን ጠፋ! በመጨረሻ እንደ እናንተ ጴንጤ የሆነች እናት ተገኘች፤ ሦስቴ ቀመሰችልኝ። አንቺ ብትኖሪ ብዬ ተመኘሁ።

ሀፍሷ


ሆሳዕና
ታኅሣሥ 21 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀፍሷ፣

እንኳን ለኢድ አል ፈጥር በዓል አደረሰሽ፤ ከነቤተሰብሽ ሰላም ይብዛልሽ። በሰላም ገብተናል። ማሙሸት መንገዱን ሙሉ ረዲን «ይህ ምንድነው፣ ያ ምንድነው?» እያለ ሲጠይቀው መጣ፤ ስፖኪዮውን ብቻ አልጠየቀውም።

አንቺን መሬት አስተኝቼ አልጋሽ ላይ ያደርኩበትን ሌሊት አልረሳውም። ላኮርፍሽ ነበር የመጣሁት። አውቶቡስ ተራ ላይ ያን ሁሉ ሰው እየገፋሽ፣ ሻሽሽ ተፈትቶ፣ «የሆሳዕናዋ! የሆሳዕናዋ!» እያልሽ ስትጮሂ እንዴት ብዬ ልኮርፍ?

በችሎቱ ከሁሉ በዓይኔ የቀረው ሰሚር ነው። ዳኛዋ ማሙሸትን «ለምን ፈታኸው?» ስትለው፣ ሰሚር ሳይጠየቅ እጁን አወጣ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለ። ያኔ ልቤ ላይ የቀረው ቂም ሁሉ ወደቀ። የኔን ልጅ ተረክቤ ስወጣ ያንቺው «አባቱ ይቅረቡ» ተብሎ ለጥር ሲቀጠር ግን ደስታዬ ግማሽ ሆነ። አንቺ ያቀፍሽኝ እኔ አንቺን ማቀፍ ሲገባኝ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ሳልነግርሽ አድርጌአለሁ። የመጨረሻው ቀን ልብስ ልገዛ ነው ብዬሽ የወጣሁት ለልብስ አልነበረም። ማሙሸትን ይዤ ሶማሌ ተራ ባልሽ ሱቅ ሄድኩ። ቤታችሁ ሳድር ሰላም ብሎኝ ዓይኔን ሳያይ ነበር የሚያልፈው፤ ሱቁ ውስጥ ግን የሚያልፍበት የለም።

«ጋሼ ጁነዲን፣ ፖሊስ ያመጣብዎት ይህ ልጅ ነው። ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቷል» አልኩ።

ማሙሸት ጫማውን እያየ «ይቅርታ ጋሼ» አለ።

ባልሽ የያዘውን ዕቃ አስቀመጠ። ከዚያ «ያቺን ስፖኪዮ በምን ፈታሃት?» አለው።

«በማንኪያ ጭራ።»

«በማንኪያ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሳትሰበር?»

«አልተሰበረችም።»

«እኔ በካቻቢቴ ስንቷን ሰብሬአለሁ!» አለና ሳቀ። ሀፍሷ፣ ባልሽ ሲስቅ ጥርሱ እንዴት ያምራል! ሳቁ ግን እንደ መጣ ቶሎ ሄደ። መደርደሪያውን እያየ «ያ ልጅ ይበላል?» አለ። ስሙን አልጠራም።

ማሙሸት «ይበላል። ግን እሁድ እሁድ በሩን ነው የሚያየው። እናቱ ፊቱ ተቀምጣ እንኳ በሩን ነው የሚያየው» አለው።

ባልሽ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ዞረ። ምንም ዕቃ አላነሣም። እኛም ደህና ይዋሉ ብለን ወጣን። ያበላሸሁት ነገር ካለ ተቆጪኝ፤ ተራሽ ነው።

እዚህ ያለውን ደግሞ ስሚ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ልጄ የት እንደነበር ተናገርኩ። ሁለተኛ አለመውጣቱንም። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ስጨርስ አንዲት እናት ጥግ ወስዳ «የኔም ጣቢያ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። በማግስቱ ሌላዋ መጣች። አሁን ሻይ እየቀዳሁ «ዕድሜውን የሚያሳይ ወረቀት አለሽ? ላም እንዳትሸጪ! ልጁን እንዳታስጠኚው!» ስል እውላለሁ። ያንቺኑ ቃል ነው የምደግመው፤ እነሱ ግን ሕግ የተማርኩ መስሏቸዋል።

ማሙሸት ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሷል። ሰሚርን ሰላም በይልኝ ይላል፤ እኔም እላለሁ።

ሠርኬ


መርካቶ
ጥር 8 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሠርኬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ማሙሸት፣ ላሟ፣ የሕግ ቢሮሽ ሁሉ ደህና ናቸው? ዘግይቼ የጻፍኩልሽ ሙሉውን ልነግርሽ ብዬ ነው፤ ግማሽ ወሬ ልኬ ላስጨንቅሽ አልፈለግኩም።

ምንም አላበላሸሽም። ከኢድ በኋላ ባለው ረቡዕ ወደ ማረሚያው ስሄድ ጋሼ ሀብተ ወልድ «ዛሬ ደግሞ ማን ሊበላው ነው? አባትዬው ቀድመውሽ ገብተዋል እኮ» አሉኝ። ድስቱ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ጁነዲን ሱቅ ሄድኩ ብሎኝ ነው ጠዋት የወጣው። በአጥሩ በኩል አየኋቸው፤ ያ ማሙሸት ተደግፎት የነበረው ግድግዳ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሙዝ ይበላሉ። አልገባሁም። ምስር ወጡን ለጋሼ ሀብተ ወልድ ሰጥቼ ተመለስኩ፤ ጨው አንሶታል አሉ። አባትና ልጁ ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ ሁለቱም አይነግሩኝም። ስጠይቅ እርስ በርስ ይተያያሉ።

ትናንት ችሎት ቀረብን። ጽጌሬዳ በጽሑፏ ላይ አባትዬው መምጣት መጀመሩን ጨምራለች። ዳኛዋ «ልጁን ይረከባሉ?» ስትለው ጁነዲን ብድግ አለ። «ልጄ ነው እኮ» አለ፣ ይህን መጠየቅ ራሱ የገረመው ይመስል። ሰሚር ለእኛ ተሰጠ፤ በየወሩ ከጽጌሬዳ ጋር እየተገናኘ ትምህርቱን ይቀጥላል። ስፖኪዮዋም ለባለቤቷ ከተመለሰች ቆይታለች።

ከችሎት ወጥተን ታክሲ ያዝን። ሰሚር አባቱ አጠገብ ተቀምጧል። እኔ ወደ ቤት የምንሄድ መስሎኝ ነበር። ጁነዲን «ወራጅ አለ!» ያለው ሶማሌ ተራ ስንደርስ ነው። ቀትር ነው፤ ተራው ጢም ብሏል፤ ያን ቀን ፖሊስ ሲበረብር ቆመው ያዩት ሁሉ አሉ። ሰሚር አንገቱን ደፍቶ «አባ፣ በጀርባ በኩል እንሂድ» አለ ቀስ ብሎ። አባቱ እጁን ያዘውና በመሃል መንገድ ወሰደው።

በእያንዳንዱ ሱቅ ደጃፍ ይቆማል። «አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ መጣ» ይላል። ሰዉ ሥራውን ትቶ «ማሻአላህ፣ እንኳን ደስ ያለህ!» ይለዋል። አንዳንዱ የሰሚርን ራስ ይዳብሳል፣ አንዱ ገና የተላጨውን ጭንቅላቱን አይቶ ይስቃል፣ ሰሚርም አብሮ ይስቃል። ከዚያ ቀጣዩ ሱቅ። ከዚያ ቀጣዩ። እኔ በሻሼ ዓይኔን እየጠረግሁ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ፤ ሽኩር ሱቅ ደጃፍም ቆመ፣ ሽኩርም ወጥቶ አቀፈው። የተራው ጫፍ ስንደርስ ያልቆመበት ሱቅ አልነበረም። በቃ ወደ ቤት ልንሄድ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ጁነዲን ግን የልጁን እጅ እንደያዘ መንገዱን ተሻገረና በወዲያኛው ረድፍ ከመጀመሪያው ሱቅ ጀመረ።

እህትሽ ሀፍሷ